ሽቦው ሳይወርድ የደረሱ ሁለት ጥሪዎች

ባለፈው ወር ከቤቴ ጣሪያ ላይ የስልኩ ሽቦ ወረደ። ሲወርድ ከሥር ቆሜ አየሁት። ያን ሁሉ ክረምት ዝናብ የደበደበው፣ ወፍ የሰፈረበት፣ ምሰሶውን ምስጥ ሦስት ጊዜ የበላበት ሽቦ ተጠቅልሎ ሲያልቅ አንድ እንቅብ አልሞላም። እኔ እኮ ብዙ መስሎኝ ነበር። አሁን በእሱ ፋንታ ግድግዳዬ ላይ አረንጓዴ መብራት የምታበራ ነጭ ሳጥን አለች። ጥቁሩ የድሮ ስልኬ እሷ ላይ ተሰክቷል፤ ቁጥሩም ያው ነው። ይህን ቀድሜ የነገርኳችሁ ልባችሁ እንዳይንጠለጠል ብዬ ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ ደህናውን ሳልናገር ወሬ አልጀምርም።

ልጆቼ ስለ ሥራሽ ጻፊ ሲሉኝ ከርመዋል። እኔ ከትምህርት ቤት የማውቀው ደጁን ነው፤ እሱንም መምህራኑን ለስልክ ልጠራ ስመላለስ። ሽቦው ከወረደ ወዲያ ግን አላስቀምጥ አለኝና ደብተር ገዛሁ። ከመንገዴ ብወጣ ታገሡኝ። ሥራዬ ራሱ መዞር ነበር።

ጥሪ አድራሽ ነበርኩ። የልጅ ልጆቼ ለጓደኞቻቸው «አያታችን ድሮ ስልክ ነበረች» እያሉ ያወራሉ፤ ብዙም አልተሳሳቱ። በዚያ ጊዜ አሶሳ ውስጥ ስልክ ያለው ቢሮና ጥቂት ባለ ሀብት ነው። ሌላውን ሰው ዘመዱ ከሩቅ ሲፈልገው፣ ዘመድየው ባለበት ከተማ ስልክ ቤት ይሄድና «አሶሳ ያለውን እገሌን ጥሩልኝ» ይላል። እኛ ጋ ስሙና የቀጠሮው ሰዓት በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል። ወረቀቱን ይዤ ሰውየውን ፈልጌ «በዚህ ሰዓት ስልክ ቤት ተገኝ፣ ትጠራለህ» ማለት የእኔ ድርሻ ነው። አድራሻ የሚባል ነገር የለም። «ሐሰን፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ዓይኑ የሚያለቅሰው» ይሉኛል፤ ሄጄ አገኘዋለሁ።

ከወሎ በሰፈራ የመጣን ነን። ባሌ ወደ እርሻው ገባ፤ የእኔ እግር ግን ቤት አልቀመጥ አለ። ስልክ ቤቱን ለመጥረግ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ጥሪ አድራሹ ታመመና፣ የስልክ ማዞሪያው ኦፕሬተር ጋሽ ሙላት መጥረጊያዬን ከእጄ ተቀብለው ወረቀት አስያዙኝ።

«ጋሼ፣ ማንበብ እኮ አልችልም» አልኳቸው።

«እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትሄጃለሽ። ሁለታችን አንድ ሙሉ ሰው እንሆናለን» አሉኝ።

ጥሪ አድራሹ ዳነና ንግድ ገባ። እኔ ቀረሁ።

ጋሽ ሙላት የወለጋ ሰው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና ረጅም፣ ሲቀመጡ እንኳ ከቆምኩት ከእኔ የሚተካከሉ። የአሶሳ ቀይ አቧራ የማይገባበት ቦታ የለምና ጠዋት ጠዋት የማዞሪያውን ገመዶች አንድ በአንድ እየነቀሉ ጫፋቸውን በመሐረባቸው ይወለውላሉ። «በአቧራ የታፈነ ሰው የሚሳደብ ይመስላል» ይሉ ነበር። ማዳመጫውን በአንድ ጆሯቸው ብቻ ነው የሚያደርጉት። ሌላው ጆሯቸው ለቤቱ ነው፤ የስልክ ካቢናው ውስጥ ያለ ሰው ድምፁ ሲሰበር ቀድመው ሰምተው ውኃ አስይዘው ይልኩኛል።

እኔን ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ ከበር ላይ የሚባለውን ነው። ያኔ ስልክ ማለት ለብዙ ሰው ሞት ነው። ገና ወረቀት ይዤ ስታየኝ ራሷን የምትይዝ፣ ነጠላዋን የምታዘቀዝቅ ሴት ብዙ ናት። «ስለዚህ ከሰላምታሽ በፊት፣ ከስማቸውም በፊት ‹ደህና ነው› በይ» አሉኝ። ከአጥሩ ውጭ ጀምሬ «ደህና ነው! ደህና ነው!» እያልኩ እገባለሁ። በበርታ ሰፈር ደግሞ «ጠይብ! ጠይብ!» እላለሁ። ልጆች ስም አወጡልኝ፤ «ደህና ነው መጣች!» ይባባላሉ።

ሁለተኛው ነገራቸው መሳቢያው ነው። ማታ ሊዘጉ ሲሉ የጥሪ ወረቀቱን መሳቢያ ጠረጴዛው ላይ ይገለብጡታል። ያልደረሰ ወረቀት ካለ «ይሄስ?» ይላሉ። ወንዙ ሞልቶ፣ ሰውየው ባምባሲ ሄዶ፣ ውሻ አላስገባ ብሎኝ፤ ምክንያቴን ሁሉ ይሰማሉ። ከዚያ ወረቀቱን በሸሚዛቸው ኪስ ይዘውት ያድራሉ እንጂ ወደ መሳቢያው አይመልሱትም። ፊደልም የለየሁት በእነዚያ ወረቀቶች ነው። መጀመሪያ ያወቅሁት «ሐ»ን ነው። ሐሰን፣ ሐሊማ፣ ሐዋ፣ ሐሚድ፤ አሶሳ ውስጥ በ«ሐ» ብቻ ግማሹን ከተማ ማግኘት ይቻላል።

መፈለግም ብልሃት አለው። «እገሌ የት ይኖራል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግብር ሰብሳቢ መስላችሁ ሰው ደጁን ይዘጋባችኋል። «እገሌን ዛሬ ማን አየው?» ነው የሚባለው። ወፍጮ ቤት ይጠየቃል፣ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ይጠየቃሉ። በገበያ ቀን ቤት አይኬድም። በማንጎ ጊዜ ደግሞ ቀና ብሎ ማየት ነው፤ ስንቱን ትልቅ ሰው ዛፍ ላይ ሆኖ ጥሪውን ነግሬዋለሁ።

አለቆች ብዙ አለፉብኝ። አንደኛው አዝኖልኝ ብስክሌት አስመጣልኝ። መንዳት አልችልም፣ እንዳላሳዝነው ግን አንድ ዓመት ሙሉ እየገፋሁት ዞርኩ። «እንዴት ነው፣ አቀለለልሽ?» ሲለኝ «በጣም» እለዋለሁ። ስድስት ወር ባምባሲ ተዛውሬም ሠርቻለሁ፤ እሺ ለማለት «ቶሌ» ማለትን ያመጣሁት ከዚያ ነው። ደመወዙ ለሳሙናም ለቀለብም ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

አሁን ወደምፈራው ልምጣ።

ይመር የሚባል የአገሬ ልጅ አለ። አብረን የሰፈርን፣ እስከ ዛሬም አጥር የምንጋራ። አንድ ቀን ጋሽ ሙላት ለምሳ ወጥተው ማዞሪያው ፊት እኔ ተቀምጫለሁ። ከወሎ ተደወለ። እንዳስተማሩኝ ገመዱን ሰካሁ። የይመር እህት ናት፤ ታለቅሳለች። «ይመርን ጥሩልኝ፣ እናታችን...» አለችና የቀረውን ንፋሱ ይሁን ሽቦው በላው። «አይዞሽ፣ ገብቶኛል» ብዬ ዘጋሁ።

የገባኝ መስሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በቀትርም አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ወረቀቱን ይዤ ወደ ይመር አልሄድኩም፤ ወደ እድሩ ዳኛ ሄድኩ። ስመለስ ይመርን መንገድ ላይ አገኘሁት። ከእርሻ እየገባ ነው።

«አንች ትርንጎ፣ ዛሬም ለእኔ የለም?» አለኝ። ሁልጊዜ እንዲህ እያለ ይቀልድብኛል።

«ዛሬም የለም» አልኩት።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነገሩት። አለቀሰ፣ አለቀስን። ረፋድ ላይ ስለ ቀብሩ ሊጠይቅ ስልክ ቤት መጣና ጋሽ ሙላት ከእህቱ ጋር አገናኙት። እናቱ ያረፉት ለካ ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ነው። እህቱ በደወለችበት በዋዜማው ከሰዓት በሕይወት ነበሩ። የልጄን ድምፅ ሳልሰማ አልሄድም ብለው፣ ልጆቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ስልክ ቤት አምጥተዋቸው፣ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ አግዳሚ ላይ ተኝተው ጠብቀውታል።

ይመር አልጮኸብኝም። የስልኩን እጀታ ቀስ አድርጎ ለጋሽ ሙላት አቀበላቸውና ወጣ። ከዚያ ወዲያ የስልክ ቤት ደጅ አልረገጠም። ሞባይል መጥቶ አገር ሁሉ ሲገዛ እሱ አልገዛም። እኔን ግን አልራቀኝም፤ ባሌ ሲሞት ፊቴ ከቆሙት የመጀመሪያው ነበር። «ዛሬም ለእኔ የለም?» የምትለዋን ቀልድ ብቻ ተዋት።

እህቱ ግን ከይመር በኋላ ለጋሽ ሙላት አንድ ነገር ጨምራ ነግራቸዋለች። እናትየው አግዳሚው ላይ ሆነው ሲጠብቁ የደጋገሟትን አንዲት ጥያቄ። ያን ማታ መሳቢያው ሲገለበጥ፣ ዋዜማውን ኪሴ ውስጥ አድራ ጠዋት የመለስኳት የይመር ወረቀት ወጣች። ጋሽ ሙላት አልተቆጡኝም። «ያንቺ ሥራ ጥሪውን ማድረስ ነው። ወሬውን ባለቤቱ ይናገር» አሉኝ። ከዚያ የእናትየውን ጥያቄ ነገሩኝና ወረቀቷን በእጄ አስያዙኝ። «ይህችን ሳይሰማ ነው የወጣው። አንቺ ታደርሺለታለሽ።»

አላደረስኩም። ነገ እያልኩ፣ ከፋሲካ በኋላ እያልኩ፣ ክረምቱ ይውጣ እያልኩ። አጥር ለአጥር ቆመን ስናወራ ስንት ጊዜ ከአፌ ደርሳ መልሼ ዋጥኳት። ጋሽ ሙላት እስኪሞቱ ድረስ ባዩኝ ቁጥር «ያቺ ወረቀትስ?» ይሉኝ ነበር።

ሞባይል ሲበዛ ጥሪ አድራሽ የሚባል ሥራ ቀረ። ጡረታ ስወጣ ለቤቴ አንድ መስመር አስገባሁ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ያን ያህል ዓመት ዞረሽ አሁን ስልክ ወደ አንቺ ይምጣ» ብሎ ሳቀልኝ። ለጎረቤቱም ደወልኩ፣ አስደወልኩ። በኋላ ሁሉም የኪስ ስልክ ሲይዝ የእኔው ዝም አለ። ልጆቼ አስነቅይው ማለት ጀመሩ። የማላስነቅለው በሐሊማ ምክንያት ነው።

ሐሊማ ገበያ ባሚያ የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት፤ ወዳጄ ናት። አማርኛዋ የእሷ የራሷ ነው፤ እኔን «አንተ ትርንጎ» ነው የምትለኝ፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ልጇ አልቀድር ሥራ ፍለጋ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረ። ከመሄዱ በፊት ሦስት ቀን አስቀምጬ የስልኬን ቁጥር በቃሉ አስጠናሁት።

«እማ ትርንጎ፣ ስልኬ ውስጥ መዝግቤዋለሁ እኮ» እያለ ይስቃል።

«ስልክህ ይጠፋል። በል እንደገና።»

እዚያ ማዶ ጦርነት ሲነሳ የተመለሰው ሁሉ ባዶ እጁን መጣ፤ ስልኩን ኬላ ላይ የተቀማው ብዙ ነው። አልቀድር ግን ድምፁ ጠፋ። ሐሊማ ደግሞ እሱ ከሄደ በኋላ ሞባይሏ ጠፍቶባት በሌላ ቁጥር ተክታለች፤ እሱ የሚያውቀው የእኔን ብቻ ነው። ሁለት ክረምት አለፈ። ሐሊማ ከገበያ ስትመለስ በሬ ላይ ብቅ ትላለች። «ትርንጎ፣ ስልኩ ደህና ነው?» «ደህና ነው።» «አልሐምዱሊላህ» ብላ ትሄዳለች። ከጠዋት እስከ ጀንበር ከስልኩ እንደማልርቅ ቃል ገባሁላት። እኔ፣ ለመዞር የተፈጠርኩት ሴት፣ በርጩማ ላይ ሥር ሰደድኩ።

ሽቦው ሊነሳ መሆኑን የነገረችኝ ቴክኒሻኗ ጫልቱ ናት። የባምባሲ ልጅ፣ ቀበቶዋ ላይ የተንጠለጠለው ጉጠትና መፍቻ ሲንቀጫቀጭ ከሩቅ የምትሰማ፤ እኔን «አዮ» ትለኛለች፣ እናቴ እንደማለት ነው።

«አዮ፣ የመዳብ ሽቦ ሁሉ ይወርዳል፤ በፋይበር ይተካል» አለችኝ። «ግድግዳዎ ላይ ሳጥን እንሰቅላለን፣ ስልኩም ኢንተርኔቱም በእሷ ነው።»

«ቁጥሬስ?»

«ቁጥሩ ይዞራል። ግን እስከ ዓርብ ቢሮ መጥተው ራስዎ ካልፈረሙ ይዘጋል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

ሳቀች። «ሳጥኗም ትጠፋለች።»

«ይሄኛው አይጠፋም እኮ!»

«እሱ ኃይሉ ከጣቢያ በሽቦው ነበር የሚመጣለት።»

«ታዲያ ተሻሻለ የምትይኝ ምኑ ነው?»

«ባትሪ እፈልግልዎታለሁ አዮ፣ ቶሌ?»

«ቶሌ» አልኩ፤ ምን እላለሁ።

ሐሙስ ዕለት ሐሊማ ገበያ ናት፤ ልጆቼ ሥራ። በአጥሩ ላይ ይመርን ጠራሁት።

«ነገ ቢሮ እሄዳለሁ። ስልኬ አጠገብ ተቀመጥልኝ።»

«ላም ጠብቅ በይኝ፣ እጠብቃለሁ። ያን ጥቁር ነገር ግን አልነካም።»

«ዝም ብለህ መቀመጥ ብቻ ነው። ሁለት ክረምት አልጮኸም።»

«ቢጮህስ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ቤቱ ገባ። ጠዋት ግን በሬን ስከፍት ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ ደፉ ላይ ተቀምጧል። «ከውጭ ነኝ፣ አልገባም» አለኝ።

ቢሮው ውስጥ ተራ ያዝኩ። ደርሶኝ ጣቴን የአሻራ ማንበቢያው መስታወት ላይ አስቀመጥኩ። «እማማ፣ ጣትዎ አይነበብም» አለችኝ ጸሐፊዋ። ሌላውን ሞከርን፣ አልተነበበም። አንዲት ሴት ቅባት ሰጠችኝ፣ ሌላዋ በእርጥብ ጨርቅ አሸችልኝ። በመጨረሻ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ተነበበች፤ ቢሮው አጨበጨበ። ፈርሜ በባጃጅ ተመለስኩ።

ስደርስ ደፉ ባዶ ነው። ይመር የለም። ቀና ስል ጫልቱ ጣሪያዬ ላይ ቁጭ ብላለች።

«አዮ፣ መሰላሌን ወሰዱብኝ!»

«ማን?»

«ሽማግሌው!»

የሆነው እንዲህ ነው። እኔ እንደፈረምኩ ትእዛዙ ጫልቱ ስልክ ላይ ወዲያው ደርሷል፤ እሷም እዚያው ሰፈር ነበረችና ሽቦውን ልታወርድ ጣሪያው ላይ ወጥታለች። የማሰሪያውን ብሎን እንዳላላች ከታች ስልኩ ጮኸ። ይመር አልተነሳም። ጮኸ። ተነሳ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እንደገና ሲጮህ ከዘራውን ጥሎ ገባ። ጫልቱ ከቆርቆሮው ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታዋለች።

«ትርንጎ የለችም፣ ይመር ነኝ። ... ማን? ... አልቀድር? የሐሊማው? ... አለች! ደህና ናት! ... የሰው ስልክ ነው? እንግዲያው ስማኝ። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ መልሰህ ደውል። እናትህን እዚህ አስቀምጬ እጠብቅሃለሁ። ቀጠሮ ነው፣ ሰማህ ልጄ?»

ከዚያ ወጥቶ ወደ ላይ ጮኸባት። «አንች ልጅ፣ ያን ሽቦ እንዳትነኪ!»

«አባባ፣ ተፈርሟል እኮ። ትእዛዙ በስልኬ መጥቷል።»

«በአንች ስልክ የመጣው ይጠብቅ፣ በዚህኛው የመጣው አይጠብቅም!» ብሎ መሰላሉን አንስቶ አጥሩ ማዶ ጣለና ባጃጅ አስቁሞ በረረ።

ይህን እየነገረችኝ ሳለች ባጃጁ ደረሰ። ከገበያ የመጡ ሴቶች በኋላ እንደነገሩኝ፣ ይመር ገና ከሩቅ እስከ ወገቡ ድረስ ከባጃጁ ወጥቶ «ሐሊማ! ደህና ነው! ደህና ነው!» እያለ ነው ገበያውን ያቋረጠው። ማን አስተማረው? እኔ ስጮህ ሲሰማ ኖሮ ነው እንጂ። ሐሊማ ባሚያዋን እንደተዘረጋ ትታ፣ በአንድ እግር ጫማ መጣች።

መሰላሉን ላመጣላት ስል ጫልቱ እጇን አወዛወዘች። «ይቅር አዮ። ማሰሪያውን አላልቼዋለሁ፣ ነፋስ ካወዛወዘው ድምፁ ይቆራረጣል። ይዤው ልቆይ።»

መብራት የለም፤ ረፋድ ላይ ጠፍቷል። ሦስታችን ስልኩን ከበን ተቀመጥን። ሐሊማ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ይመር ጉልበቱን ይዟል። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ከአምስት ሆነ። እኔ ያቺን ሌላ አግዳሚ፣ በዓይኔ ያላየኋትን፣ እያየኋት ነበር።

ስልኩ ጮኸ፤ ከላይ ደግሞ «ውይ! ነዘረኝ!» የሚል ጩኸት። ጥሪ ሲገባ ሽቦው እንደሚነዝር ጋሽ ሙላት ነግረውኝ ያውቃሉ። «እንዳትለቂው!» አላት ይመር። «አልለቅም!» አለች።

ሐሊማ አነሳች። የልጇን ድምፅ ስትሰማ ፊቷ ተከፈተ። በበርታ ቋንቋ ነው የሚያወሩት፤ እኔ የማውቃት ጥቂት ናት። መጀመሪያ ያለችውን ግን አወቅሁት፤ ያን ሁሉ ዓመት በየካቢናው እናቶች ሲሉት ሰምቻለሁ። «በላህ?» ነው ያለችው። ሁለት ክረምት ጠብቃ፣ የት ነህ ሳትል፣ በላህ ወይ።

ያን ጊዜ አልቻልኩም። የይመርን እጅ ይዤ ወደ በረንዳው አወጣሁት።

«ይመር፣ ለአንተም ጥሪ አለ» አልኩት። «ዘግይቷል። በጣም ዘግይቷል። እናትህ ያን ቀን አግዳሚው ላይ ሆነው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ‹ይመር ምሳውን በልቷል ወይ? ሳይበላ እንዳትጠሩት፤ እጠብቃለሁ።› ጋሽ ሙላት አድርሺ ብለውኝ ሳላደርስ የቀረሁት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው።»

ይመር አላየኝም። ወደ ማንጎው ዛፍ ዞረ። ከቤት ውስጥ ሐሊማ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ «ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ» ትላለች። በመጨረሻ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ወሰደና መለሰ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። «ገና ምሳውን አልበላም በያት።»

ሐሊማ በዋዜማው ያመጣችልኝ የባሚያ ወጥ ነበር፤ ከገንፎ ጋር አቀረብኩለት። ተቀምጦ በላ፣ በደንብ በላ። ሐሊማ ጨርሳ እጀታውን ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ከዚያ አስቀምጣው ወጣች። ኩርሙክ ለመድረስ ሁለት ቀን ይበቃኛል ብሏል ልጇ።

«አዮ!» አለች ጫልቱ ከጣሪያው። «አሁንስ ልቁረጠው?»

ይመር አፉ ሙሉ ነበር። በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

«ቁረጪው» አልኳት።